መልስ፦ ቀፎ ሥር የሚወድቁት ትልልቅ ንቦች

ሰላም ወንድሜ። «ከኅዳር ወዲህ ቀፎዬ ሥር ወፋፍራም ንቦች ሞተው አገኛለሁ፤ በሽታ ይሆን?» ላልከው፣ ከገለጻህ በሽታ አይመስለኝም። አንዱን አንስተህ ተመልከተው። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ሊገጥሙ እስኪደርሱ ትልልቅ ከሆኑ፣ ሆዱም ጫፉ ደንደን ብሎ መናደፊያ ከሌለው፣ ድንጉላ ማለትም ወንዱ ንብ ነው።

ድንጉላ አበባ አይቀስምም፣ ማርም አይሠራም። ሥራው ከንግሥት ጋር አየር ላይ መገናኘት ብቻ ነው፤ የተሳካለትም ወዲያው ይሞታል። አደይና ኑጉ ሲረግፍ፣ ቀለብ ሲያጥር ሠራተኞቹ ንቦች እሱን መመገብ ያቆማሉ፤ ክንፉን ነክሰው እየጎተቱ ያስወጡታል። ቆመህ ብታየው ያሳዝናል! (የሚገርመው ድንጉላ አባት የለውም። ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈል ያለው 16 ክሮሞዞም ብቻ ነው፤ እህቶቹ 32 አላቸው። አያት ግን አለው።)

ሊያሳስብህ የሚገባው የሞቱት ትንንሾቹ ሠራተኞች ሲሆኑ ነው። በተለይ ብዙዎቹ በአንድ ቀን ምላሳቸውን አውጥተው ከወደቁ፣ አካባቢው ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጎረቤትህን አነጋግር። ኑግ የሚዘራ ከሆነ ጉዳዩ የእሱም ነው፤ ኑግ በራሱ ብናኝ እምብዛም ፍሬ አይዝም፣ ከሌላው ተክል የሚያመላልሱለት በዋናነት ንቦች ናቸው። አበባ ላይ ሳለ ባይረጭ ጥሩ ነው፤ ግድ ከሆነበትም አመሻሽ ላይ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ይርጭ፤ ለአንተም ቀደም ብሎ ይንገርህ።