ስሙን የነጠቅነው ልጅ

ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ አንዷ «ወንጀልን የሚያመጣው ድህነት አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ደሴ ያደገ አንድ ልጅ አስታወሰኝ።

ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። ሻይ ቤት ባንኮኒ ላይ ቻርጅ የተሰካ ስልክ ነቅሎ ሮጠ። በማግስቱ ተያዘ፤ ስልኩም ተመለሰ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰር ያዛል፤ እሱ ግን ሁለት ሌሊት አብሯቸው አደረ። የባሰው ከወጣ በኋላ መጣ። ባለሱቁ ሲያየው መሳቢያውን ይቆልፋል። ክፍል ውስጥ እስክርቢቶ ከጠፋ ቀድሞ የሚፈተሸው የእሱ ቦርሳ ነው። የጓደኞቹ እናቶች «ከዚያ ሌባ ጋር እንዳላይህ» አሉ። እናቱንም ቡና የሚጠራት ጎረቤት ሳሳ። በስሙ የሚጠሩት ፑል ቤት የሚውሉት ብቻ ቀሩ።

በ17 ዓመቱ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ መውረድ ጀመረ። ሦስት ነበሩ። አንዱ በሬ ሸጦ የሚመለሰውን ሰው ገፋ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ኪሱ ይገባል፤ ሦስተኛው ብሩን ተቀብሎ መኪና ይሳፈራል። የተያዘው ሲፈተሽ ኪሱ ባዶ ነው።

የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኤድዊን ሌመርት እ.ኤ.አ. በ1951 ይህን ለይቶ አስቀምጦታል። የመጀመሪያው ጥፋት ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የሚበቅለው ሰው በለጠፈበት ስም ላይ ነው። የወንጀል ተመራማሪው ሰዘርላንድ ደግሞ ወንጀል ከቅርብ ሰው የሚለመድ ነው ይላል፤ ዘዴውም፣ «ሀብታም ነው፣ አይጎዳውም» የሚለው ማመካኛም። ፑል ቤቱ ሁለቱንም አስተማረው።

ድህነትማ አለ። ነገር ግን የቸገረው ሁሉ አይሰርቅም፤ የጠገበም በብዕር ይሰርቃል። ሌላው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳየው ክፍተቱን ነው፦ ግቡ ለሁሉም ይሰበካል፣ መንገዱ ለጥቂቱ ይከፈታል። ጎረቤት ልጁ ከሳዑዲ በላከችለት ገንዘብ ቤቱን ሲያድስ፣ ሥራ ያጣው ወጣት «አንተስ?» ይባላል። እናንተ ይህን «አንተስ?» ከስልካችሁ ሌት ተቀን ትሰማላችሁ። ትዕግሥት አንሷችኋል ብዬ እቆጣለሁ፤ ሸክማችሁ ከእኛ ዘመን እንደሚከብድም አውቃለሁ።

በወሎ ደም ሲደርቅ፣ ገዳይና የሟች ወገን በአበጋሮች፣ በእርቅ ሽማግሌዎች፣ ፊት ከታረቁ በኋላ፣ ነገሩን መልሶ ማንሳት ነውር ነው። የወንጀል ተመራማሪው ጆን ብሬይትዌይት እ.ኤ.አ. በ1989 ያብራራው ከዚህ ይቀራረባል፦ ጥፋቱን አሳፍሮ ሰውየውን የሚመልስ ማኅበረሰብ ወንጀሉ ይቀንሳል፤ ሰውየውን ራሱን የሚያገል ያበዛዋል። ሁሉን ለሽማግሌ ተዉ ማለቴ አይደለም። የተደፈረች ልጅን ጉዳይ በእርቅ መዝጋት በእሷ ላይ ሌላ በደል ነው።

ለሕፃን ስርቆት ግን ይሠራል፤ ቶሎ ከተደረገ። ዕቃውን ልጁ በገዛ እጁ ለባለቤቱ ይመልስ። ባለቤቱ «ይቅር ብዬሃለሁ» ሲል «ሌባ» መባሉን የሰሙት ሰዎች ሁሉ ይቁሙ፤ በአደባባይ የወጣ ስም ጓዳ ውስጥ አይነሳም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ይግባ፤ አስተማሪው ቀድሞ ይወቅ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ታርቆ የመጣውን ልጅ ክፍሉ «ሌባው መጣ» ብሎ ይቀበለዋል።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ይቅር ለማለት ዝግጁ ነበሩ። እኛ ግን ሽምግልና ለደምና ለድንበር ነው ብለን፣ ለአንድ ስልክ አልተቀመጥንም።