በ1957 ቤል ኤር ሩት 66ን ልንዳ ወይ ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። "ዳላስ ነው የምኖረው፣ የ1957 ሼቭሮሌት ቤል ኤር ገዝቻለሁ፣ ጁላይ ላይ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከቺካጎ እስከ ሎስ አንጀለስ በአሮጌው አገር አቋራጭ መንገድ በሩት 66 በአስር ቀን ልገባ ነው፣ መኪናው ይችለዋል ወይ፣ መንገድ ላይስ የቱን ልይ የቱን ልለፍ" ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች "ንዳው ባክህ፣ ምን ይመጣል" ብለው መርቀውሃል። እኔም ንዳው ነው የምልህ። ግን ሙሉውን አይደለም። ጁላይ ላይም አይደለም።

በድሮ መኪና ያንን መንገድ በተለይ ከኦክላሆማ እስከ አሪዞና ያለውን ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፣ አንዳንዴ በራሴ መኪና፣ አንዳንዴ ከጓደኞቼ ጋር ተከትለን። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ ሂሳቡን ተመልከት። መንገዱ 2,448 ማይል ነው የሚባለው። በአስር ቀን ስታካፍለው በቀን ወደ 245 ማይል ይደርስብሃል። በአዲስ መኪና በሃይዌይ ምንም አይደለም። አሮጌው መንገድ ግን በየከተማው መሀል ያልፋል፣ መብራት አለው፣ ይጠማዘዛል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ድንገት ያልቅና ኢንተርስቴት 40 የሚባለው ፈጣኑ ሃይዌይ ላይ ይወረውርሃል። ሩት 66 በ1985 ከፌዴራል መንገዶች ዝርዝር ተሰርዟል፣ የቀረው ቁርጥራጩ ነው። አስር ቀን ካልክ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ ምንም ሳታይ ትገባለህ።

ደግሞስ ዳላስ ያለ ሰው ቺካጎ ድረስ ምን አስወጣው? ወደ ሰሜን ቱልሳ ውጣ፣ እዚያ መንገዱን ያዝና ወደ ምዕራብ ንዳ። ኦክላሆማ ላይ አሮጌው መንገድ ገና በብዛት አለ። ከዚያ አማሪሎ፣ ቱኩምካሪ፣ ሆልብሩክ፣ ሰሊግማን፣ ኪንግማን። ኪንግማን ላይ በቃኝ ብትል ማንም አይወቅስህም። ወሩን ደግሞ ወደ ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር አዙረው። የልጆቹ ትምህርት ካስቸገረህ ጁን መጀመሪያ ላይ ውጣ። ጁላይ ላይ ኒው ሜክሲኮና አሪዞና ከሰዓት በኋላ ዶፍ ዝናብ ይጥላል፣ የዚያን ዘመን ብዙ መኪኖች የዝናብ መጥረጊያ ደግሞ በሞተሩ የአየር ስበት ነው የሚሠራው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ መጥረጊያው ይደክማል፣ አንዳንዴም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዝናቡ አይቆምም።

አሁን ወደ መኪናው። የ57ቱ ባለ 12 ቮልት ነው፣ ሼቭሮሌት በ1955 ስለቀየረው በዚያ በኩል እድለኛ ነህ። ፍሬኑ ግን ያሳስበኛል። አራቱም ጎማ የድሮው ዓይነት ታምቡር ፍሬን ነው፣ የፍሬን ዘይቱም የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው። ይሄ ማለት የአንዱ ጎማ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ፍሬን አልባ ሆነዋል ማለት ነው። ባለ ሁለት መስመሩ አሜሪካ ውስጥ በሁሉም መኪና የተለመደው ከ1967 ሞዴሎች ጀምሮ ነው። ባለ ሁለት መስመር ማስገባት ብዙ ብር አይጠይቅም፣ የመኪናውን መልክም አያበላሽም። ሳታስገባ ቤተሰብ አትጫን። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሽ ቀንሰህ ውረድ፣ ታምቡር አንዴ ከጋለ ፔዳሉን ብትረግጠውም አይይዝልህም።

ሌላው ቤንዚኑ ነው። የዛሬው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለው፣ ቶሎ ይተናል፣ የድሮ የጎማ ቱቦዎችንም ይበላል። አንድ ቀን አማሪሎን አልፈን ነዳጅ ለመቅዳት ቆመን፣ ቀድተን፣ ቡና ጠጥተን ስንመለስ የጓደኛዬ መኪና እምቢ አለ። ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ነዳጁ በሙቀቱ ቱቦው ውስጥ ተንኖ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ፣ የነዳጅ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መጠበቅ ነው መድኃኒቱ። ሰው ሁሉ ባትሪ ነው፣ ካንዴላ ነው እያለ ሊፈታታልህ ይመጣል፣ አታስነካ። ራዲያተሩንም ቀድመህ አሳጥበው። (አዲስ አበባ ቮልስ ስትነዳ ኖረህ ከሆነ ይሄ አዲስ ይሆንብሃል፣ ቮልስ ራዲያተር የለውም።)

የልጆቹ ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። የዚያን ዘመን አብዛኛው መኪና ሲሠራ ቀበቶ አልተገጠመለትም። የወገብ ቀበቶ ማስገጠም ይቻላል፣ ነገር ግን ከፍ ማድረጊያ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ልጅ የትከሻ ቀበቶም ያስፈልጋል። እኛ የምናደርገው፣ አንድ አዲስ መኪና ከኋላ ይከተላል። ባለቤትህ ልጆቹን በዚያ ይዛ፣ ኤሲ ከፍታ ትከተልህ። ዕቃውም በዚያው ይጫን።

የሚታየውን በተመለከተ፣ አንድ ነገር ብታውቅ ምርጫው ይቀልሃል። በ50ዎቹ መኪኖቹ ይግላሉ፣ ኤሲ ያለው ጥቂት ነው፣ ልጆች ከኋላ ይጨቃጨቃሉ፣ አባትየው ግን መቆም አይፈልግም። ነጋዴው እሱን ለማስቆም ነው ያንን ሁሉ ጉድ የገነባው። ሌስተር ዲል የሚባል ሰው ሚዙሪ ያለውን የሜራሜክ ዋሻውን ለማስተዋወቅ በየመንገዱ ያሉ የገበሬ ጎተራዎች ጣሪያ ላይ ስሙን ያስጽፍ ነበር። የጎብኚዎች መኪና ላይም ምልክት ያስር ነበር። ስለዚህ በየ50 ማይሉ ቁም፣ መኪናህም መቆም ይፈልጋል።

ቱልሳ አጠገብ ካቱሳ ላይ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ አለ። ሂዩ ዴቪስ የተባለ ሰው ለሚስቱ ለዜልታ የጋብቻ በዓላቸው ስጦታ ብሎ ኩሬ ውስጥ የሠራው ነው፣ ያለቀው በ70ዎቹ መጀመሪያ ነው። ልጆችህ ከአፉ ገብተው ይሮጡበታል። ቱልሳ ራሷ ደግሞ ያንተን መኪና እኩያ ቀብራ ነበር! በ1957 ኦክላሆማ 50 ዓመት ሲሞላት አዲስ ፕሊመዝ ቤልቬዴር በኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩ፣ በ2007 ምናልባት ቤንዚን ባይኖር ብለው ቤንዚንም አብረው አስቀመጡለት። በ2007 ሲከፍቱት ጉድጓዱ ውሃ ገብቶበት መኪናው ዝጎ ነበር። አሁን እዚያ አታገኘውም፣ ግን ታሪኩን ያነሳሁት ለአንተ ነው፤ ከመነሳትህ በፊት ምንጣፉን ገልጠህ ወለሉን እይ።

ከቱልሳ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ስትሄድ ሉተር አጠገብ የትሬት ቤተሰብ ማደያ አለ። ትንሽ የድንጋይ ቤት ናት፣ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እሷ ጋ ቁም እልሃለሁ። የጥቁር ቤተሰብ ማደያ ነበረች፣ ጥቁር መንገደኛ ሳይሰደብ ነዳጅ የሚቀዳባት። የኛን መልክ የያዘ ሰው በ1957 ይሄን መንገድ ሲነዳ ከየሞቴሉ ደጅ ይመለስ ነበር፣ ከመሸ መታየት የሚከለከልባቸው ከተሞችም ነበሩ። ቪክቶር ሂዩጎ ግሪን የሚባል ኒውዮርክ ሃርለም የሚኖር ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ "ግሪን ቡክ" የሚባል መጽሐፍ ያሳትም የነበረው ለዚህ ነው፣ የት ማደር የት መብላት እንደሚቻል የሚዘረዝር። ሞቴልና ምግብ ቤት በዘር መለየት በሕግ የተከለከለው በ1964 ነው። በየመንገዱ "የድሮው መልካም ዘመን" የሚል ጌጣጌጥ ሲሸጡልህ ይሄን ለልጆችህ ንገራቸው።

አማሪሎ ላይ ካዲላክ ራንች ግድ ነው። በ1974 አፍንጫቸው መሬት ውስጥ የተተከሉ አስር ካዲላኮች ናቸው፣ መግቢያ አይከፈልም፣ ቀለም ይዘህ ሄደህ መቀባት ትችላለህ። ጭቃ ስላለ አሮጌ ጫማ አድርጉ። እዚያው ከተማ 72 አውንስ ስቴክ፣ ሁለት ኪሎ ሥጋ ማለት ነው፣ ከነተጓዳኙ በአንድ ሰዓት ከጨረስክ በነጻ የሚሰጥ ምግብ ቤት አለ። ቁርጥ እወዳለሁ ብለህ አትሞክር። ሰው ሁሉ እያየህ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው የምትቀመጠው።

ቱኩምካሪ ብሉ ስዋሎው ሞቴል እደር። ከ1939 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከክፍሉ ጎን ለመኪናው ጋራዥ አለው። ለድሮ መኪና ባለቤት ከዚህ የተሻለ እንቅልፍ የለም፣ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድመህ ያዝ። ሆልብሩክ ያለው የዊግዋም ሞቴል 15 የኮንክሪት ድንኳኖች ናቸው፣ በየደጁ የድሮ መኪና ቆሟል። ለልጆች ደስ ይላል፣ ለአራት ሰው ግን ይጠባል።

ሰሊግማን ቁም። በ1978 ኢንተርስቴቱ ሲከፈት ከተማዋ በአንድ ቀን ጭር አለች፣ ኤንጀል ዴልጋዲዮ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ሰው አሰባስቦ በ1987 የአሪዞናውን የሩት 66 ማኅበር መሠረተ። ከዚያ በፒች ስፕሪንግስ በኩል እስከ ኪንግማን ያለው ከ80 ማይል በላይ ያልተቆረጠ አሮጌ መንገድ ነው። መኪናህን በደንብ የምትነዳው እዚህ ነው።

ከኪንግማን ቀጥሎ ተራራ ላይ ያለችው ኦትማን የምትባል ከተማ ግን በቤል ኤሩ አትሂድ። በከተማዋ የሚዞሩት አህዮች ያምራሉ፣ መንገዱ ጠባብና ቁልቁለት ነው። ድሮ አንዳንዱ የፎርድ ሞዴል ቲ ነጂ ነዳጁ ወደ ሞተር እንዲፈስለት በሪቨርስ ነበር የሚወጣው። በ50ዎቹ መጀመሪያ መንገዱ ራሱ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በአዲሷ መኪና ሂዱና ተመለሱ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። የጎማዎቹን ጎን እይና ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራቱን እዚህ ጻፍልን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩናል። ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ነገ ጎሚስታ ጋ ውሰደው።