ጣሪያውን ከየት አመጣኸው?

የጎንደሩ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአርክቴክቸር ተመርቀህ ስምንት ወር ሆኖሃል። ፋሲል ግቢ ያለውን የታላቁን ኢያሱን ቤተ መንግሥት በኮምፒውተር ሠርተህ ልከህልኛል። አባትህ መንገድ ኮንትራክተር ጋ ግባ ይሉሃል። አንተ ደግሞ ዕቁብህን ተቀብለህ፣ የቀረውን ተበድረህ ሌዘር ስካነር፣ ማለትም ሕንፃን በሌዘር ጨረር የሚለካ መሣሪያ፣ ለመግዛት አስበሃል።

ሞዴሉ ያምራል። ያስደነገጠኝም ማማሩ ነው። ያ ቤት ጣሪያውን ካጣ ቆይቷል። ጉዳቱ የመሬት መንቀጥቀጥና የእንግሊዝ ቦምብ ነው፤ ቦምቡ እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያን ግቢውን ይዞት ሳለ የወደቀ። አንተ ግን ጣሪያ ገጥመህለታል፣ ያውም ከነወርቅ ቅቡ! ከየት አመጣኸው? የቤቱ ጌጥ በወሬም በጽሑፍም ይነገራል። ወሬ ግን የተለካ ልክ አይሆንም። ቆሞ ያለውን ግድግዳና ከራስህ የጨመርከውን በአንድ ቀለም ካሳየህ፣ ነገ አንዱ ግምትህን ማስረጃ ነው ብሎ ድንጋይ ያስጠርባል። የቅርስ ጥገና ዓለም አቀፍ ሰነድ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ ግምት ከጀመረበት ላይ ጥገና ይቁም ይላል። የለካኸውን፣ ከጽሑፍ ያገኘኸውንና የገመትከውን በሦስት ቀለም ለይልኝ።

የፓሪሱ ካቴድራል ኖትር ዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል ጠጋኞቹ እጅ ላይ አስቀድሞ የተለካ ልክ ነበር። አንድሩ ታሎን የሚባል የጥበብ ታሪክ ምሁር ከዓመታት በፊት ካቴድራሉን በሌዘር ለክቶት ነበር። እሱ እሳቱን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ2018 አርፏል። ልኩ ግን ቀረ።

ስካነሩን አትግዛ። በብድር ገንዘብ እንዲህ ያለ ዕቃ መግዛት ቅዠት ነው። ተደራራቢ ፎቶ አንስቶ ሞዴል ማውጣት በተራ ካሜራም ይቻላል። ችግሩ፣ በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካው የሰርቬየር መሣሪያ) ወይም በሌላ አስተማማኝ መለኪያ የተለካ ነጥብ ከሌለው ሥዕል ነው እንጂ ልክ አይደለም። ይህን ደግሞ የሚያስተምርህ ሜዳ ነው። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የመንገድ ሰርቬየር ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነጥብ አሳስቼ ተክዬ፣ የውሃ መውረጃው ቱቦ በ40 ሳንቲም ተዛንፎ ተቀበረ። አስቆፈሩኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሳልለካ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ ኮንትራክተሩ ጋ ግባ፤ ለሁለት ዓመት። አባትህ ስለ ሥራው ልክ ናቸው። "ድንጋይ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ሥራ ነው?" የሚሉት ግን ስህተት ነው። ደሞዝህን በሙሉ ለእህትህ ሠርግ ስጥ ማለታቸውም እንዲሁ። ግማሹን ስጥ። ድንኳኑ ትንሽ ቢሆን ሠርጉ አይፈርስም።

ያሰብከው የውጭ አገር ማስተርስ ይደርሳል። ግቢውን ፎቶ ለማንሳት ብለህም ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳታስነሳ።

ቅዳሜ ሜትር ይዘህ ግቢው ሂድ። ጠባቂዎቹን አስፈቅደህ የአንዱን መስኮት ወርድና ቁመት ለካና ከሞዴልህ ጋር አስተያይ። ስንት ሳንቲም እንደተሳሳትክ ጻፍልኝ።