እጅ ጨብጦ በር የማይከፍት ዘበኛ፦ ስለ ኒኮቲን ተቀባይና ስለ ካልሲየም ጥያቄና መልስ

ለገጣፎ በሚገኘው የእድራችን አዳራሽ በየወሩ አንድ አባል በሚያውቀው ሙያ ጥያቄ ይቀርብለታል። ባለፈው እሁድ ተራው የእኔ ሆነ። ብዙ ዓመት ፊዚዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ርእሴ «የኒኮቲን ተቀባይ መደንዘዝና ካልሲየም» ተብሎ ሲነበብ ጥቂቶች ቡናው እስኪደርስ ብቻ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። በኋላ ግን ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ በዛ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ጋሼ፣ «የኒኮቲን ተቀባይ» ሲባል ሰውነታችን ለትምባሆ ተሠርቷል ማለት ነው?

አይደለም ልጄ። ተቀባዩ የተሠራው ነርቮች ለሚለዋወጡት መልእክተኛ፣ ለአሴቲልኮሊን ነው። ኒኮቲን ግን ያንኑ ቦታ ይይዛል፤ እንግዳው ስሙን ለባለቤቱ አወረሰው። እንግሊዛዊው ጆን ላንግሊ እ.ኤ.አ. በ1905 ጡንቻ ላይ ኒኮቲን እያደረገ ሲመለከት፣ ሕዋሱ ላይ አንድ «ተቀባይ ነገር» መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። ዛሬ ተቀባዩ አምስት የፕሮቲን ክፍሎች ክብ ሠርተው የቆሙበት፣ መካከሉ ቀዳዳ የሆነ በር መሆኑን እናውቃለን። መልእክተኛው ሲይዘው ይከፈትና ሶዲየም ይገባል፤ ካልሲየምም አብሮት ይገባል።

ያው ተማሪ፦ ተቀባዩ ይደነዝዛል የሚባለውስ ምንድን ነው?

በርናርድ ካትዝና ስቴፈን ቴስሌፍ እ.ኤ.አ. በ1957 በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ያሳዩት ነው። መልእክተኛው ሳይነሳ ከቆየ በሩ ይዘጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ተቀባዩ መልእክተኛውን የጣለው ይመስለዋል። እንዲያውም የደነዘዘ ተቀባይ ከወትሮው አጥብቆ ይይዛል። የእንግዳውን እጅ ጨብጦ አልለቅም የሚል፣ በሩን ግን የማይከፍት ዘበኛ አስቡ። አልተጎዳም፤ ታሞም አይደለም።

በግቢ ጥበቃ የሚያገለግሉ አባት፦ የጠዋቷ የመጀመሪያ ሲጋራ ለምን ከሁሉም ትጥማለች?

የጥበቃን ነገር ካነሳሁ አይቀር ባለሙያው ጠየቁኝ! ኒኮቲን በደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ተኝተው ሲያድሩ አብዛኛው ይወጣል፤ ደንዝዘው የዋሉት ተቀባዮች ይነቃሉ። በዚያ ላይ የአጫሽ አንጎል ተቀባዮቹን ያበዛል። ጠዋት ላይ የነቃና የበዛ ሠራዊት ነው የሚጠብቅዎት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚያጨሱት በአመዛኙ ለደነዘዘ በር ነው። ቢያቆሙ ብዛቱ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህን የምለው ለመምከር ሳይሆን ስለጠየቁኝ ነው።

በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፦ ካልሲየም ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? በሩ ከተከፈተ ገባ፣ አበቃ አይደለም?

ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው ነጻ ካልሲየም ከውስጡ በ10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ጥቂቱ ሲገባ እንኳ ውስጡ ትልቅ ወሬ ነው፤ ኤንዛይሞች፣ ማለትም የሕዋሱ ሠራተኛ ፕሮቲኖች፣ ይነሳሉ። ሁለቱን ያዢልኝ። ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ተቀባዩ ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጥፋል፤ ካልሲኒዩሪን ደግሞ ፎስፌት ይነቅላል። ሁለቱንም የሚቀሰቅሰው ካልሲየም ነው። አንድ ጌታ ሁለት ሎሌ ልኮ አንዱ የሠራውን ሌላው እንዲያፈርስ እንደማድረግ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው ሚዛኑ ነው።

በአንጎል ውስጥ በብዛት የሚገኘውን፣ አልፋ 4 ቤታ 2 የሚባለውን ተቀባይ በእንቁራሪት እንቁላል ላይ አሠርተው የሞከሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። (እንቁራሪቷ ዜኖፐስ ትባላለች፤ ዘመዶቿ በእኛም ደጋ አሉ።) ተቀባዩን ለ30 ደቂቃ ኒኮቲን ውስጥ አቆይተው አደነዘዙትና እስኪነቃ ጠበቁ። ከውጭ ያለውን ካልሲየም አውጥተው ባሪየም በሚባል ዘመዱ ሲተኩት መንቃቱ ከሞላ ጎደል ቀረ። ፎስፌት ነቃዩን ካልሲኒዩሪንን በመድኃኒት ሲያግዱት መንቃቱ በእጅጉ ፈጠነ። ፎስፌት የሚለጠፍበትን ቦታ ከተቀባዩ ላይ ሲያጠፉት ደግሞ እንደደነዘዘ ቀረ ማለት ይቻላል። እንግዲህ ለዚህ ተቀባይ ካልሲየም መንገደኛ ብቻ አይደለም፤ ከድንዛዜ መቀስቀሻም ነው።

ለሁሉም ግን አንድ ሕግ አታድርጊው። በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ከውጭ ያለው ካልሲየም ሲጨመር መደንዘዙን ራሱን ያፋጥነዋል።

አንዲት እናት፦ እንግዲያው ወተት አብዝቼ ብጠጣ ነርቬ ይነቃልኛል?

አይነቃም እትዬ። አንገት ላይ ያሉ ትናንሽ ዕጢዎች የደሙን ካልሲየም በጠባብ ልክ ይይዙታል። ወተቱን ለአጥንትዎ ይጠጡት።

አትክልት አምራች፦ ማላታዮን ስንረጭ የሚያንቀጠቅጠንስ ይኸው ነው?

ከዚሁ ቤት ነው። መርዙ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ያግዳል፤ መልእክተኛው ይከማቻል፤ ጡንቻ መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ከዚያ ይዝላል። መዛሉ ከመደንዘዝም ጭምር ነው። ሐኪም የሚሰጠው አትሮፒን ሌላ ዓይነት ተቀባይ ላይ ስለሚሠራ የጡንቻውን ድካም አያነሳም። ስለዚህ «መርፌ ተወጋ፣ ዳነ» ብላችሁ ሰውየውን ይዛችሁ አትመለሱ፤ መተንፈሻ ጡንቻውም ሊዝል ይችላል። ሐኪም ቤት ስትሄዱም የመርዙን ዕቃ ከነጽሑፉ ያዙ።

ተማሪው እንደገና፦ ጨርሶ የማይደነዝዝ ተቀባይ ቢኖርስ?

ለዚያ የቀረበ ተሠርቷል። አልፋ 7 የሚባለው ተቀባይ ካልሲየምን በብዛት የሚያስገባ ነው፤ ብዙ አሴቲልኮሊን ሲደርሰው ግን በሚሊሰከንዶች ይደነዝዛል። አንዲት አሚኖ አሲድ ለውጠው መደንዘዙን ያዘገዩባቸው አይጦች አሉ። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱት በተወለዱ በአንድ ቀን ውስጥ ሞቱ፤ አንጎላቸው ሲታይ ብዙ የነርቭ ሕዋሳት ሞተው ተገኙ። ካልሲየሙ ከልክ በላይ ገብቶባቸው ነው ተብሎ ይታመናል።

ልጁ «እንግዲያው ዘበኛው ሰነፍ አይደለማ!» አለ። የጥበቃው አባት ሳቁ፤ ቡናውም ደረሰ።