ጸሎት በመሣሪያ ይለካልን?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር የምማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አብራኝ የምታድር ጓደኛዬ ማታ ማታ ዐይኗን ጨፍና «አልፋ» የሚባል ድምፅ በስልኳ ትሰማለች። «አንቺ በመቁጠሪያ የምታገኚውን ጸጥታ እኔ በዚህ አገኘዋለሁ፤ ሁለቱም የአንጎል ሞገድ ነው» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እኔ ደግሞ ስጸልይ ብዙ ጊዜ ሐሳቤ ይበተናል። ጸሎት የአንጎል ሥራ ብቻ ነውን? ድምፁን መስማትስ ኃጢአት ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ሰነበትሽ? አንጎል ሞገድ አለው መባሉ እውነት ነው፤ ሃይማኖታችንም እውነትን አይፈራም። ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ከሰው ራስ ላይ ደካማውን የኤሌክትሪክ ንዝረት በመሣሪያ መዝግቦ በ1929 አሳተመው። ሞገዶቹ ስም የወጣላቸው በሰከንድ በሚመላለሱት ልክ ነው፦ ከ4 በታች የሆነው ዴልታ በከባድ እንቅልፍ ይጎላል፤ ከ4 እስከ 8 ያለው ቴታ ለሚያንጎላጅ ሰው ነው፤ ከ8 እስከ 13 ያለው አልፋ ነቅቶ ላረፈ፤ ከዚያ በላይ እስከ 30 ቤታ፣ ከ30 በላይ ጋማ ይባላል። አልፋ ሰው ዐይኑን ሲጨፍን ይበረታል፣ ሲገልጥ ይደክማል። እንግዲህ አስተውዪ፤ አልፋ እንዲመጣ ዐይን መጨፈን ብቻ ይበቃል፤ ጸሎትም ስልክም አያስፈልግም።

በ2004 በታተመ ጥናት ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሐሳብን መሰብሰብ በለመዱ የቲቤት የቡድሃ መነኮሳት ላይ ጋማ ሞገድ ካልለመዱት ሰዎች ይልቅ በርትቶ ታይቷል። ይህም አይረብሽሽ። እኛ በሥጋችንም ጭምር የምንጸልይ ሕዝብ ነን፤ እንጾማለን፣ እንሰግዳለን፣ ሌሊት እንቆማለን። ጉልበት ሲሰግድ፣ አንደበት ሲያዜም አንጎል ብቻውን ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ነገር ግን መሣሪያው ያረፈ ሥጋን ያያል እንጂ ያ ሰው ማንን እንደጠራ አያይም። አንቺ መቁጠሪያሽን ይዘሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትዪ የምትጠሪው አለ፤ ይሰማሻልም። የጓደኛሽ ድምፅ ማንንም አይጠራም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በእኛ በጎጃም፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚቆጥር አይተሽ ይሆናል። ደበሎውን ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በአጠገቡ ያለፈ ሰው «እንደምን ዋልህ» ቢለው አይሰማም። ያ ተማሪ በዚያ ሰዓት ራሱ ላይ መሣሪያ ቢደረግለት አንድ ነገር መታየቱ አይቀርም። ሲመሽ ግን በመምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔውን ሲነግር መምህሩ «ምን ያህል ተመሰጥህ?» ብለው አይጠይቁትም። ቤቱ መምታቱን፣ ሰሙና ወርቁ መገናኘቱን፣ ምሥጢሩ መቅናቱን ነው የሚሰሙት፤ ከተበላሸ ይመልሱታል። ጸሎትም የሚመረመረው እንዲሁ ነው። ጴጥሮስ ሊጸልይ ወደ ሰገነት ወጥቶ ተመስጦ መጣበት፤ ፍሬው የታየው ተነሥቶ ወደ አሕዛቡ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት በመሄዱ ነው። ጳውሎስ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ስለ ተነጠቀው ሰው ሲናገር በሥጋ ይሁን ከሥጋ ውጭ አላውቅም አለ። የቅዱስ ያሬድ እግር በንጉሡ ጦር ሲወጋ አለመሰማቱን እንተርካለን፤ ለእኛ የቀረልን ግን ድጓው ነው።

ጸጥታን ግብ አድርጎ የሚያሳድድ ሰው ጸጥታው የቀረ ዕለት ጸሎቱን ይተወዋል፤ ይህን አጥብቄ እፈራለሁ። ሰይጣንም የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚመጣ ተጽፏልና የሚሞቅ ወይም የሚያበራ ነገር ቢሰማሽ አትደሰቺበት፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

ድምፁን ለዕረፍት መስማት በራሱ ኃጢአት አይደለም። የአንጎልን ሞገድ ይለውጣል በሚለው ላይ ግን የጥናቶች ውጤት አልተስማማም፤ ስለዚህ ብዙ ተስፋ አትጣይበት። በጸሎት ፈንታ ከገባ፣ ወይም ከእርሱ ጋር የሌላ እምነት ትምህርትና ጥሪ ከተያያዘ ተዪው።

በነካ እጄ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የአንጎል ሞገድ የሚመዘግብ መሣሪያ በሆስፒታል በዋናነት የሚያገለግለው የሚጥል በሽታን ለመመርመር ነው። ልጃቸውን ጸበል ሲያስጠምቁ መድኃኒቱን የሚያስጥሉ ወላጆች አሉ፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ በሲራክ 38 ተጽፏል። ጸበሉም ይጠመቅ፣ ኪኒኑም ይዋጥ።

ስለ ሐሳብሽ መበተን፦ ሐሳብሽ ሲሄድ አትቆጪ፤ ወዴት እንደ ሄደም አትመርምሪ፤ ወደ ስሙ መልሺው። አንድ ጊዜ 41 «እግዚኦ» ስትዪ ሠላሳ ጊዜ ብትመልሺው ሠላሳውም ጸሎት ነው። ሰዓቱን ግን አታዛንፊ፤ ፈተና በደረሰ ሳምንት አሳጥሪው እንጂ አታቋርጪው። ከጓደኛሽም ጋር አትከራከሪ፤ እሑድ ለቅዳሴ ስትወጪ «አብረን እንሂድ» በያት።