«በራሴ ጥያቄ ያለ ደመወዝ ፈቃድ» የሚለውን ፎርም ልፈርም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። በአንድ የግል የአየር ጭነት ድርጅት ውስጥ በካርጎ ሠራተኛነት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 12,000 ብር ነው። ቤቴን የሚያቆመው ግን የሌሊት ሺፍት ትርፍ ሰዓት ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ትርፍ ሰዓቱ ቀረ። ሰርቪሱም ቆመ፤ የታክሲውን ከኪሴ እየከፈልኩ ነው። ባለፈው ሳምንት ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ሰብስቦን «ነዳጅ ጨመረ፣ ዶላር ጨመረ፣ ጭነት የለም» አለን። ከ180 ሠራተኞች 30ዎቻችን ተመርጠን ፎርም ተሰጠን። ፎርሙ «በራሴ ጥያቄ ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ» ይላል። የማይፈርም መልቀቂያ ያስገባ ተብሏል። መልሱን እስከ አርብ ይፈልጉታል። አንዳንድ ጓደኞቼ ሁላችንም ሥራ እናቁም ይላሉ። ከተመረጥነው አንዷ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አይፈርሙ። መልቀቂያም አያስገቡ። አርብ ቢደርስም፣ ሰኞ ቢባልም አይፈርሙ። ምክንያቱን ላስረዳዎት።

በመጀመሪያ ለአሠሪዎ ፍትሐዊ እንሁን። ጭነት ቀነሰ ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። በኮሮና ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሲቀሩ የጭነት ቦታ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያኔ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ወንበር እየነቀለ ካርጎ ይጭን ነበር። በኋላ መንገደኛው ተመለሰ። የመንገደኛ አውሮፕላን ከሥሩ ጭነት ይዞ ስለሚበር ቦታው በዛ፣ ዋጋው ወረደ። አያታ በሚባለው የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር አኃዝ መሠረት የዓለም የአየር ጭነት ፍላጎት በፈረንጆቹ 2022 በ8 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ በ1.9 በመቶ ቀንሷል። ግዙፉ የአሜሪካ ጭነት አመላላሽ ድርጅት ዩፒኤስ እንኳ በ2024 መጀመሪያ ላይ 12,000 የሥራ ቦታ እንደሚቀንስ አስታውቋል። እኛ ጋ ደግሞ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ነዳጁ፣ መለዋወጫው፣ የአውሮፕላን ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ በዶላር ነው።

የእርስዎ ደመወዝ ግን በብር ነው። ከውጭ ደንበኞቹ በዶላር የሚቀበል ድርጅት «ዶላር ስለጨመረ ሠራተኛ ከበደን» ሲል እኔ ትንሽ ፈገግ እላለሁ። በዶላር ሲታይ ሠራተኛው ረከሰ እንጂ አልተወደደም። ይህን ክርክር ላይ ለማንሳት ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ፎርሙ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ሲቀዘቅዝ አሠሪ ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። አንዱ የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድ ነው። በአንቀጽ 18 መሠረት በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ፣ ያልታሰበ የገንዘብ ችግር ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራ የሚያስቆም ከሆነ ውሉ ሊታገድ ይችላል። ይህ ሲሆን ግን አሠሪው ችግሩ በተፈጠረ በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይህ አካል ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም የከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ ነው። ምክንያቱ እውነት መሆኑን የሚመረምረው እሱ ነው፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይወስናል። ዝም ካለ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ድርጅቱ ሥራ መጀመር እንደማይችል ከታመነ ለሠራተኛው የስንብት ክፍያና ካሳ ይከፈለዋል። 90 ቀኑ ሲያልቅ ደግሞ በማግስቱ ሥራ ገበታዎ ላይ ይገኛሉ፣ አሠሪውም ይቀበልዎታል።

እዚያው አንቀጽ 18 ውስጥ ግን ሌላ ምክንያት አለ፤ ሠራተኛው ራሱ ጠይቆ የሚሰጠው ያለ ደመወዝ ፈቃድ። ለዚህ ለማንም ማሳወቅ አያስፈልግም። የገንዘብ ችግሩን ማስረዳት አያስፈልግም። የሚመረምረው የለም። 90 ቀን የሚባል ጣሪያም አይነሳበትም። አሁን ፎርሙን እንደገና ያንብቡት። «በራሴ ጥያቄ» የሚለው እዚያ የገባው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የድርጅቱ ችግር የእርስዎ ጥያቄ ተደርጎ ተጽፏል። ሦስት ወር ሲያልቅ «እንደገና ይጠይቁ» ቢሉዎትስ?

አንድ መራራ እውነት ልንገርዎት። አሠሪው በትክክለኛው መንገድ ሄዶ እገዳው ቢጸድቅለት፣ በእገዳው ጊዜ ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ባይፈርሙም ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ሊያልፍ ይችላል። ልዩነቱ እሱ ማስረዳት ይኖርበታል፣ ጊዜው ይገደባል፣ የእርስዎም መብት አብሮ ይቆያል። በእገዳ ላይ እያሉ የሚሰጥ የስንብት ማስጠንቀቂያም ዋጋ የለውም።

ማስረዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ካርጎ ላይ ስለሠሩ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከዝዋይ የሚመጣው አበባ ለየካቲቱ የፍቅረኞች ቀን ይጥለቀለቃል፣ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። በየዓመቱ ነው። የክረምት መቀዝቀዝን «ያልታሰበ ችግር» ብሎ ያቀረበ ድርጅት ካለ የቀደሙትን ዓመታት መዝገብ ማስቀረብ ነው። የእናንተ መቀዝቀዝ ከወቅቱ ጋር የሚሄድ ነው ወይስ ደንበኛ ጠፍቶ? በየሺፍቱ ስንት ፓሌት ይወጣ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚወጣ የሚያስታውሱትን ዛሬ ማታ ደብተር ላይ ይጻፉ።

ሌላው መንገድ ቅነሳ ነው። የአገልግሎት ፍላጎት ቀንሶ ሥራው ወይም ትርፉ ካነሰ አሠሪው ሠራተኛ መቀነስ ይችላል፤ አንቀጽ 28 ይፈቅድለታል። የሚነካው ሰው ቢያንስ 10 በመቶ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 29 ይመጣል። ቁጥሩ የሚታየው ባለፉት 12 ወራት ከነበረው አማካይ የሠራተኛ ብዛት ነው። ከ180 ሰው 10 በመቶው 18 ነው። እናንተ 30 ናችሁ። ስለዚህ ስንብት ከሆነ በሕግ አነጋገር «የሠራተኛ ቅነሳ» ነው። አሠሪው ብቻውን ቁጭ ብሎ ስም ዝርዝር አያወጣም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። መጀመሪያ የሚታየው ችሎታና ምርታማነት ነው። በዚህ እኩል ከሆኑ አገልግሎታቸው አጭር የሆኑት፣ ቀጥሎ ጥገኛ ቤተሰብ የሚያንሳቸው ቀድመው ይነካሉ። አካል ጉዳተኞች፣ ሥራ ላይ የተጎዱ፣ የሠራተኛ ተወካዮች፣ ነፍሰ ጡሮችና የወለዱ እናቶች መጨረሻ ላይ ናቸው። ስለዚህ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ባልደረባዎ ከ30ዎቹ መካከል መግባቷ ብቻውን ዝርዝሩ እንዴት እንደተሠራ ያጠራጥራል። ፈጽሞ አትነካም ማለት አይደለም፤ ግን ተራዋ የመጨረሻ ነው።

ብሩን እናስላ። ከግብር በፊት ነው የምናገረው። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶው ይጨመራል። የእርስዎ ለመጀመሪያው ዓመት 12,000፣ ለስድስቱ ተጨማሪ ዓመታት 24,000፣ ድምሩ 36,000 ብር ይሆናል። ቅነሳ ከሆነ በአንቀጽ 40 የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል፤ 24,000 ብር። ድምሩ 60,000። በዚህ ላይ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ፤ ወይ እየሠሩ ደመወዝ ይቀበሉበታል ወይ ገንዘቡ ይከፈላል። ያልተጠቀሙበት የዓመት እረፍት ካለም ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ስሌቱ የሚሠራው በደመወዝ ብቻ ነው፤ ትርፍ ሰዓትና የትራንስፖርት አበል አይገቡበትም። ያሳዝናል፣ ሕጉ ግን እንደዚያ ነው።

መልቀቂያ ቢያስገቡስ? አምስት ዓመት ስላለፉ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለብዎት 36,000ውን ያገኛሉ። በአየር መንገድ ሥራ ውስጥ የሥልጠና ግዴታ የተለመደ ነው፤ ውልዎን ይመልከቱ። 24,000ው ግን ቀረ። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያውም ቀረ። እንዲያውም ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት እርስዎ ይሆናሉ፣ የ30 ቀን። ከሁሉም የሚከፋው በሕገወጥ መንገድ ተሰናበትኩ ብሎ የመክሰስ በሩ ይጠባል። ተገድጄ ነው የፈረምኩት ማለት ይቻላል፣ ማስረዳቱ ግን የእርስዎ ሸክም ነው። በፊርማዎ ላይ ራስዎ ምስክር ሆነው ከመቅረብ ይሰውርዎ።

ባልፈርም በር ላይ ቢከለክሉኝስ? ይህ ሊሆን ይችላል። ከሺፍትዎ ሰዓት ሳያረፍዱ ይሂዱ። ከበር ከመለሱዎት ያው ቀን «ለሥራ ዝግጁ ሆኜ ቀርቤ ተከልክያለሁ» የሚል ማመልከቻ ጽፈው ለመዝገብ ቤት ያስገቡ። ኮፒው ላይ ማኅተም ወይም ፊርማ ያስደርጉ። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩት። በአዋጁ አንቀጽ 54 መሠረት ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በራሱ ባልሆነ ምክንያት ያልሠራ ሠራተኛ ደመወዙ ይከፈለዋል። አብረዋችሁ የተመለሱትን የሥራ ባልደረቦች ስም ይመዝግቡ። ኤች አር በቴሌግራም ግሩፕ የላከውን መልእክት ስክሪንሾት ያድርጉ፤ ግሩፑ ነገ ሊጠፋ ይችላል።

በዚሁ ካሰናበቱዎት ስንብቱ ሕገወጥ ነው ብለው ይከሳሉ። ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ሊመልስዎት ይችላል። ካልመለሰዎት የ180 ቀን ደመወዝ ካሳና የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያ ከስንብት ክፍያው ጋር ይወሰናል። በእርስዎ ደመወዝ 72,000፣ 24,000 እና 36,000፤ በጠቅላላው 132,000 ብር። ፎርሙን ይዞ «አርብ» የሚለው ሰውዬ ይህን ሂሳብ የሚያውቅ ይመስለኛል። ቀኑን ግን ይጠንቀቁ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የክፍያ ጥያቄው 6 ወር አለው። «ሦስት ወር ብቻ ጠብቁን» የሚለውን ቀጠሮ ከዚህ 3 ወር ጋር አስተያዩት።

ትርፍ ሰዓቱንና ሰርቪሱን በአጭሩ። ትርፍ ሰዓት መብት ሆኖ አይጠየቅም፤ አሠሪው ሊያቆመው ይችላል። የሠሩት ሳይከፈል የቀረ ካለ ግን ይጠይቁ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሠሩበት በ1.75 እጥፍ ነው የሚሰላው። ሰርቪሱ በውልዎ ወይም በኅብረት ስምምነት የተጻፈ ከሆነ በአንድ ወገን ውሳኔ ሊነሳ አይገባም። ካልተጻፈ ክርክሩ ደካማ ነው።

ሥራ እናቁም ለሚሉት ጓደኞችዎ ይህን ይንገሯቸው። አዋጁ የአየር ትራንስፖርትን እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። በእነዚህ ሥራ ማቆም አድማ የተከለከለ ነው። ንዴታቸው ይገባኛል። ነገር ግን አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ የሚያሰናብትበትን ምክንያት በእጃቸው ይሰጡታል። ጭነት የሌለው ድርጅት ሠራተኛ ሥራ ቢያቆምበት ብዙም አይጎዳ፤ እንዲያውም ሊመቸው ይችላል። የጋራ ጥያቄያችሁን በማኅበር አቅርቡ። ማኅበር ከሌላችሁ 30ው ሰው ፈርሞ ተወካይ ይምረጥ፣ ተወካዩ አሠሪውን በጽሑፍ ያነጋግር፣ ኮፒውን ለሥራና ክህሎት ቢሮ ያስገባ። ቢሮው እግረ መንገዳችሁን «ድርጅቱ እገዳ አሳውቋል ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁበት ቦታም ነው። አላሳወቀም ከተባላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ቤትዎ አራብሳ ነው፣ ሥራዎ ቦሌ። ጉዳዩ የሚታየው በሥራ ቦታው በኩል ነው፤ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፈልም። ጠበቃ ለማቆም ካልቻሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ በኢሠማኮ (በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) በኩል ምክር ማግኘት ይቻላል። ሲሄዱ የሥራ ውልዎን፣ የመጨረሻዎቹን ወራት የደመወዝ ማስረጃ፣ መታወቂያዎንና ያልተፈረመውን ፎርም ይያዙ። አርብ ዕለት ፎርሙን አምጣ ካሉዎት ኮፒውን ይስጧቸው። ከተጫኑዎትም ከታች በራስዎ እጅ «ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ለሥራ ዝግጁ ነኝ» ብለው ቀኑን ይጻፉበት።