ከአረጋዊት እናት በስጦታ ያገኘሁት የጃፓን ጎራዴ በሕግ የእኔ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ባለ ግሪን ካርድ ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ ሥራዬ በአንድ ድርጅት በኩል አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ ነው። ለዓመታት የተንከባከብኳቸው የ91 ዓመት እናት፣ ሟች ባለቤታቸው በ1945 እ.ኤ.አ. ከጃፓን ይዘውት የመጡትን ጎራዴ «ልጆቼ አይፈልጉትም፣ አንቺ ውሰጂው» ብለው በቃል ሰጡኝና ቤቴ ወሰድኩት። አሁን አንዱ ልጃቸው ደውሎ «መልሺ» ይለኛል። አንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ደግሞ አይቶት 900 ዶላር እሰጣለሁ ብሏል። ባለቤቴ ዝገቱን አጽድተን ብንሸጠው የተሻለ ያወጣል ይላል፤ ቶኪዮ የሚኖረው ወንድሜ «ወደኔ ላኩትና እዚህ ላስገምተው» ይለናል። ጎራዴው የእኔ ነው? ዋጋውን በምን አውቃለሁ? የጃፓን መንግሥት ወይም የቀድሞው ባለቤት ቤተሰብስ ሊጠይቀኝ ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ ብዙ ጉዳዮችን የያዘ ቢሆንም ሁሉም የተንጠለጠሉት በአንዱ ላይ ነው፤ እርሱም እናትየው ጎራዴውን ያስረከቡዎት ድርጊት በሕግ ፊት የጸና ስጦታ መሆኑን ለማስረዳት መቻልዎ ነው። ይህ እስኪረጋገጥ ድረስ ጎራዴውን አይሽጡት፣ ወደ ጃፓንም አይላኩት፤ ባለቤትዎም በምንም ነገር እንዳይፈትጉት አደራ እላለሁ።

በሜሪላንድም ሆነ በሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች አንድ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በስጦታ ተላልፏል የሚባለው ሰጪው ያለ ዋጋ ለመስጠት ቁርጥ ሐሳብ ኖሮት ዕቃውን በእርግጥ ሲያስረክብና ተቀባዩም ሲቀበል ነው። ጽሑፍ ግዴታ ስላልሆነ «በቃል ብቻ የተሰጠ ስጦታ ዋጋ የለውም» የሚልዎት ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ችግሩ የሚመጣው ከሥራዎ ጠባይ ነው። አንድ ሰው ለዕለት ተዕለት ኑሮው በሌላ ሰው እጅ ላይ የተደገፈና በእርሱም ላይ ሙሉ እምነት የጣለ እንደ ሆነ፣ ፍርድ ቤቶች በሁለቱ መካከል ልዩ የመተማመን ግንኙነት አለ ብለው ሊወስኑ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ግንኙነት ከተገኘ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ወደ ስጦታ ተቀባዩ ይዞራል። ልጃቸው ያልተገባ ተጽዕኖ መኖሩን ማሳየቱ ቀርቶ፣ እናትየው በነጻ ፈቃዳቸውና የሚያደርጉትን በሚገባ ተረድተው እንደሰጡዎት የሚያስረዱት እርስዎ ይሆናሉ። ተንከባካቢ መሆንዎ ብቻውን ይህን ግንኙነት አይፈጥርም፤ ነገር ግን የባንክ ጉዳያቸውን ያከናውኑ ከነበረ፣ መድኃኒታቸውን ይሰጡ ከነበረ፣ ወይም ከልጆቻቸው ይልቅ እርስዎ ብቻ አብረዋቸው ይውሉ ከነበረ ዳኛው ይህን ሁሉ ይመዝናል።

የወንጀሉም ገጽታ አለ። የሜሪላንድ የወንጀል ሕግ ዕድሜው 68 ዓመት ከሞላው ሰው ንብረትን በማታለል፣ በማስፈራራት ወይም ባልተገባ ተጽዕኖ መውሰድን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ይቀጣል፤ የቅጣቱም ክብደት በንብረቱ ዋጋ ይለያያል። እርስዎ ይህን አድርገዋል ማለቴ አይደለም፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ያየሁት ቅን ሰውን ነው። ሆኖም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በእንዲህ ዓይነት ወንጀል ቢፈረድበት ከአገር ከመባረር ጀምሮ እስከ ዜግነት መከልከል የሚደርስ መዘዝ ሊከተለው ስለሚችል፣ የወገኖቻችን ቁጥር በዚህ ሙያ ብዙ በመሆኑ ጭምር ነገሩን አቅልዬ ላልፈው አልፈልግም። በተጨማሪም ብዙ የእንክብካቤ ድርጅቶች ሠራተኛ ከደንበኛ ስጦታ እንዳይቀበል በቅጥር ውላቸው ይከለክላሉ። የውሉ ክልከላ ስጦታውን በራሱ ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ ሥራዎን ግን ሊያሳጣዎት ይችላል። ስለዚህ ውልዎን ዛሬውኑ አውጥተው ያንብቡ፤ ለድርጅቱም እርስዎ ራስዎ በጽሑፍ ያሳውቁ እንጂ ከልጃቸው አፍ እንዲሰማ አያድርጉ።

መልካሙ ነገር ሰጪዋ በሕይወት መኖራቸው ነው። እርሳቸው በሞት ከተለዩ በኋላ ክርክሩ በእርስዎ ቃልና በልጆቻቸው ቃል መካከል ብቻ ይቀራል፤ ዛሬ ግን ራሳቸው ሊናገሩ ይችላሉ። የምመክረው እናትየው በራሳቸው ጠበቃ ፊት፣ እርስዎ በክፍሉ ውስጥ በሌሉበት፣ ስጦታውን የሚያረጋግጥ አጭር ሰነድ በኖታሪ ፊት እንዲፈርሙ ነው። ጠበቃውን እርስዎ አይምረጡ፣ አይክፈሉ፣ በመኪናዎም ወስደው በር ላይ አይጠብቁ፤ የሰነዱ ጥንካሬ የሚመነጨው እርስዎ ከነገሩ ርቀው በመቆየትዎ ነውና። ሰነዱ ጎራዴውን በሚገባ ይግለጽ፤ ርዝመቱን፣ የአፎቱንና የእጀታውን መልክ፣ ፎቶግራፉን፣ ባለቤታቸው መቼና እንዴት እንዳመጡት የሚያውቁትንም ይጨምር። የማስታወስ ችሎታቸው የተዳከመ ከሆነ ከሐኪማቸው ማስረጃ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የሚያደርጉትን አያውቁም ካለ ደግሞ ያለ ማመንታት ጎራዴውን በደረሰኝ ይመልሱ።

አንዳንድ ሰዎች «ይልቁንስ በኑዛዜ ይተዉልሽ» ሊሉዎት ይችላሉ። ይህ መንገድ በግብር ረገድ የራሱ ውጤት አለው። ሜሪላንድ ከሟች ዘመድ ላልሆነ ሰው በሚተላለፍ ንብረት ላይ 10 በመቶ የውርስ ግብር ታስከፍላለች፤ በሌላ በኩል በውርስ ያገኙት ዕቃ መነሻ ዋጋው፣ ማለትም ሲሸጥ ትርፉ የሚሰላበት ዋጋ፣ ሰጪዋ ባረፉበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ይሆናል። በሕይወት ሳሉ የተሰጠ ስጦታ ግን የሰጪዋን መነሻ ዋጋ ይዞ ይመጣል፤ እርሳቸው ከባለቤታቸው የወረሱት ከሆነ መነሻው ባለቤታቸው ባረፉበት ቀን የነበረው ዋጋ ነው። ሲሸጡት ከዚያ በላይ የሚገኘው ትርፍ፣ ጎራዴው ከስብስብ ዕቃዎች ስለሚቆጠር፣ በፌዴራል ሕግ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ የሚችል ግብር ያስከትላል። የስጦታ ግብር የሚመለከተው ሰጪን ሲሆን፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ተቀባይ እስከ 19,000 ዶላር የሚደርስ ስጦታ መግለጫ እንኳ አያስፈልገውም።

ወደ ጃፓን ወገን እንለፍ። በመስከረም 1951 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የተፈረመውና በሚያዝያ 1952 የጸናው የሰላም ውል በአንቀጽ 19 ጃፓን ለራሷና ለዜጎቿ፣ ከጦርነቱና ውሉ ከመጽናቱ በፊት አሜሪካን ጨምሮ በጦርነቱ የወጓት አጋር አገሮች ጦር በግዛቷ ከፈጸመው ድርጊት የሚነሱ ጥያቄዎችን ሁሉ በእነዚሁ አገሮችና በዜጎቻቸው ላይ እንደማታነሳ ይደነግጋል። በ1945 ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጃፓንን የያዘው የአጋር አገሮች ጦር ባወጣው ትእዛዝ መሠረት ከጃፓን ሕዝብና ወታደሮች እጅግ ብዙ ጎራዴ ተሰብስቦ ነበር፤ ወታደሮችም ከዚያ ለማስታወሻ እንዲወስዱ ይፈቀድላቸው ነበር። በዚህ ሁኔታ የወጣ ጎራዴን የጃፓን መንግሥት ወይም የቀድሞው ባለቤት ወራሽ ከእርስዎ በፍርድ ቤት ለማስመለስ መቻሉ የማይመስል ነገር ነው። የሟቹ ወታደራዊ ወረቀቶች ውስጥ ጎራዴውን ለመያዝ አዛዣቸው የፈረሙት የፈቃድ ወረቀት ካለ ግን ከወርቅ ለይተው አይዩት፤ ለባለቤትነትም ለዋጋም ማስረጃ ነው።

በእጀታው ላይ የታሰረ ትንሽ የእንጨት ወይም የጨርቅ መለያ ካለም አይፍቱት። ብዙ ጎራዴዎች ሲሰበሰቡ የባለቤታቸው ስምና አድራሻ ተጽፎባቸው ነበር። የመመለስ ሕጋዊ ግዴታ የለብዎትም፤ የሚመልሱ ሰዎች ግን አሉ። አሜሪካዊው ሰብሳቢ ዶክተር ዋልተር ኮምፕተን ከአንድ የጥንት ዕቃ መደብር የገዙት የኩኒሙኔ ጎራዴ በጦርነቱ ማግስት የጠፋ የጃፓን ብሔራዊ ሀብት መሆኑን በተረዱ ጊዜ በ1963 እ.ኤ.አ. ያለ ክፍያ በካጎሺማ ለሚገኘው ለቴሩኩኒ መቅደስ መልሰዋል። የእርስዎም ጎራዴ እንዲህ ያለ ሆኖ ከተገኘ ውሳኔው የእርስዎና የእናትየው ነው፤ እኔ በግሌ ስሙ ያለበትን ቤተሰብ መጠየቅ የሚያስመሰግን ተግባር ይመስለኛል።

ስለ ዋጋው ነጋዴው የተናገረው 900 ዶላር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እጅግ ያነሰም ሊሆን ይችላል። ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ገማች ሊሆን አይገባም። ይህ ከሥነ ምግባርም አልፎ የማስረጃ ጉዳይ ነው፤ ነገ ፍርድ ቤት ብትቀርቡ የገዢ ቃል እንደ ግምት አይቆጠርልዎትም። በአሜሪካ የሙያ ደረጃዎችን የሚከተል ገማች ክፍያውን ከዕቃው ዋጋ በመቶኛ ሊቀበል አይፈቀድለትም፤ ግምቱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ ለመድን የሚሆነውን የመተኪያ ዋጋ ከገበያ ዋጋም ይለያል። ለግብርና ለፍርድ ቤት የሚያስፈልገው የገበያ ዋጋው ነው። የጃፓን ጎራዴ ግን ማንም የጥንት ዕቃ ገማች የሚያነበው ነገር ስላልሆነ፣ በዚህ መስክ የታወቀ ሰው ይፈልጉ።

ባለሙያው መጀመሪያ የሚያየው አፎቱን አይደለም። ብዙ ቤተሰቦች ወደ ጦርነት ለሚሄድ ልጃቸው ለዘመናት ያቆዩትን ስለት በ1930ዎቹ በወጣው የመኮንን አፎትና እጀታ አስገጥመው ይሰጡ ነበርና፣ ተራ የሚመስል የወታደር አፎት ከ1596 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ፣ ኮቶ የሚባለውን ስለት ሊይዝ ይችላል። በተቃራኒው ከ1935 ጀምሮ ለበታች ሹማምንት በማሽን የተሠራው ጎራዴ በስለቱ ላይ ቁጥር የተመታበት ሲሆን የሚፈለገው እንደ ወታደራዊ ቅርስ እንጂ እንደ ጥበብ ሥራ አይደለም። እውነተኛው ማስረጃ በእጀታው ውስጥ ተደብቆ የሚገኘው፣ ጃፓኖች ናካጎ የሚሉት የብረቱ ጭራ ነው። የሠሪው ስም የሚቀረጸው እዚያ ነው፤ የፋብሪካ ማኅተም ካለም እዚያ ይገኛል፤ የዝገቱ ቀለምና ጥልቀት ደግሞ የስለቱን ዕድሜ ይመሰክራል። ባለቤትዎ ሊያጸዱት ያሰቡት ይህን ዝገት ከሆነ የሚፍቁት ዕድሜውን ነው፤ አንዴ ከጠፋ በማንም እጅ አይመለስም። ስለቱም ቢሆን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን ከተፋቀ የብረቱ ንብርብርና ጠርዙን ተከትሎ የሚታየው የማጠንከሪያ መስመር ይበላሻል፤ ይህን ሥራ የሚያከናውነው ለዓመታት የሠለጠነ የስለት አጥራቂ ብቻ ነው። እርስዎ በባዶ እጅ ሳይነኩት ቀጭን ዘይት ቀብተው በደረቅ ቦታ ቢያስቀምጡት ይበቃል። እጀታውን ከስለቱ ጋር የሚያያይዘው የቀርቀሃ ችንካር በቀላሉ ካልወጣም እጀታውን አያስገድዱት።

በጭራው ላይ ታላቅ ስም ቢያገኙ አይቸኩሉ። የታወቁ ሠሪዎችን ስም በሐሰት መቅረጽ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ልማድ ነው፤ ስለዚህ ስሙን እያሳዩ መሸጥ፣ እውነት ሆኖ ካልተገኘ ከገዢው ጋር ወደ ክስ ሊያመራዎት ይችላል። በሽያጭ ውሉ ላይ «በጭራው ላይ ይህ ጽሑፍ ይነበባል፤ ሻጭ ስለ ሠሪው ማንነት ዋስትና አይሰጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር ማስገባት ያስፈልጋል።

ወንድምዎ ያነሱት ሐሳብ መሠረት አለው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ቶኪዮ የሚገኘው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በገበያው ላይ ከፍ ያለ ክብደት አለው። ነገር ግን በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን የጦር መሣሪያና የጎራዴ ሕግ 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነን ስለት ያለ ምዝገባ መያዝ ይከለክላል። ጎራዴው ሲገባ ለጉምሩክና ለፖሊስ መገለጽ፣ ከዚያም በክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቦርድ እንደ ጥበብ ሥራ መመዝገብ አለበት፤ ሲወጣም ከባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ የወጪ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በማሽን የተሠራ የጦርነት ዘመን ስለት ግን ለምዝገባ አይበቃም፤ ስለዚህ ወንድምዎ ቤት በፖስታ ቢልኩት ጎራዴው ሊወረስ፣ ወንድምዎም ሊጠየቁ ይችላሉ። አስቀድሞ እዚሁ ይመርመር፤ በባህላዊ መንገድ የተሠራ መሆኑ ከተረጋገጠና ዋጋውም ወጪውን የሚችል ከሆነ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ፈቃድ ያለው የጃፓን ነጋዴ ያስገባው። እጀታው ወይም አፎቱ የዝሆን ጥርስ ወይም የኤሊ ቅርፊት ካለበትም ከአሜሪካ ከመውጣቱ በፊት ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል።

ለልጃቸው በስልክ አይከራከሩ። በአጭር ደብዳቤ፣ ጎራዴው በእርስዎ እጅ በደኅና መኖሩን፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ እንደማይሸጡትና ከግዛቱ እንደማያወጡት፣ እናቱም በራሳቸው ጠበቃ በኩል ፈቃዳቸውን እንዲገልጹ እንደሚፈልጉ ይጻፉለት፤ የደብዳቤውን ቅጂና የላኩበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ከዚያ በፊት የወሰዷቸውን ፎቶግራፎች ከነቀናቸው፣ የነጋዴውንም ስምና የሰጠውን ዋጋ ለጠበቃዎ ያስረክቡ።